ያልቀለጠው ኩርባ

ጥሩአየሁ ሬንጅ መቀቀል ታውቅበታለች። ከኮኪት እስከ መተማ ባለው መንገድ ይህን የማያምን ሰው ከተገኘ ወይ እንግዳ ነው ወይ ምቀኛ። ሌላው ቀቃይ በርሜሉ ሥር እንጨቱን ይከምርና ጭሱን ሽሽት ዛፍ ጥላ ይገባል። እሷ ከበርሜሉ አትርቅም። ሬንጁ የደረሰ ሲመስላት ጣቷን ውኃ ነክራ የበርሜሉን ጎን እርጭ ታደርገዋለች። ጠብታው ቺስ ብሎ እዚያው ከደረቀ ገና ነው፤ እንደ አንበጣ ዘሎ ከወደቀ ደርሷል። በመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ የሙቀት መለኪያ የሚባል ዕቃ ኖሮ አያውቅም። የነበረው የጥሩአየሁ ጣት ነው፤ የሠራተኞቹ አለቃ ካፖው ቢሻው ራሱ፣ ሰው ማመስገን እንደ ጥርስ መነቀል የሚያመው ሰውዬ፣ ጣቷን ሳይጠይቅ ሬንጅ አያስወርድም ነበር።

ጊዜው 1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነበር። አስፋልት የለበሰው ሽመል ዳገት ብቻ ነው፤ እሱም ቢቆጠር አምስት መቶ እርምጃ አይሞላም። የለበሰው ለጌጥ አልነበረም። ቀድሞ ክረምት ሲገባ ዳገቱ ይላቁጥና ጭነት የያዘ መኪና ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር። ይህን ጊዜ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዱብ ይላል፤ ከኋላ ጎማው ሥር ይወሽቀዋል። ታኮው ጎማውን ሲጨብጥለት ባለ በሌለ ድምፁ «ያዘ!» ብሎ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሾፌሩ ይተነፍሳል።

የጥሩአየሁ ባል ሸጋው ረዳት ነበር። በ71 ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ማሽላ ከጫነ መኪና ላይ ታኮውን ይዞ ዘለለ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ «ያዘ» የሚለውን ቃል ጠበቀ፣ ጠበቀ። ሸጋው ያን ቀን «ያዘ» አላለም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ዳገቱ አስፋልት ሊለብስ ነው ሲባል ጥሩአየሁ ቤቷን ዘግታ ካምፑ በር ላይ ቆመች። ቢሻው ከእግር እስከ ራሷ አያትና «ምን ትችያለሽ?» አላት።

«እስቲ ያሳዩኝና እችለዋለሁ። ያ ዳገት ሲለብስ እጄ እንዲኖርበት ነው» አለችው።

ቻለችውም። ችግሩ ዳገቱ ራሱ አልቻለም። የቆላ ፀሐይ ሚያዝያ ላይ ስትወርድ አስፋልቱ ያልበዋል። ሬንጁ ከጠጠሩ መሐል ወጥቶ ይንጣለላል፤ የመኪናው ጎማ ይሰምጥበታል፤ ሲወጣም አስፋልቱን እንደ ቅርፊት ልጦ ይዞት ይሄዳል። ክረምቱ ደግሞ በተላጠው ቦታ ገብቶ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መድፈን፣ በየዓመቱ መላጥ ሆነ። ጥሩአየሁም በየዓመቱ ያንኑ ቁስል ታስራለች።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው፣ በመስከረም ማለቂያ ነው። ሰሊጡ ሳይታጨድ፣ መኪኖቹ ሳይመጡ ዳገቱን መድፈን ያስፈልጋል፤ እንጨቱ ግን ከክረምቱ ገና አልደረቀም። እርጥብ እንጨት ለማቀጣጠል ካምፑ የሚጠቀመው የጎማ ቁርጥራጭ ነበር፤ የሚያመጣውም ከኮኪት ገበያ ከሐጂ ሷሊህ ደጅ ነው።

ሐጂ ሷሊህ በረባሶ ሠሪ ናቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጣታቸው በጩቤ የተተለተለ ሰው ናቸው። አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው በረባሶ የሚሠራ ሰው በቆላው ሞልቷል። የእሳቸው ልዩነት ሞረዳቸው ነው። ሌላው ጫማውን ቆርጦ፣ ማሰሪያውን አበጅቶ ይሸጣል፤ እሳቸው የጫማውን ጠርዝና መረገጫውን እስኪለሰልስ ድረስ ይሞርዱታል። ለምን ይለፋሉ ሲሏቸው ይስቃሉ። «ከጎጃም፣ ከወሎ ለአጨዳ የሚመጣው ደገኛ ጀርባው ብረት ነው፤ እግሩ ግን ዋልካ መሬት አልለመደም። የተቆረጠ ጎማ ይበላዋል። የሰው እግር አቁስዬ ወላሂ እንጀራ አይወርድልኝም» ይላሉ። የሞረዱት ብናኝ ከወንበራቸው ሥር እንደ ጥቁር ዱቄት ይቆለላል።

ያን ሳምንት ቁርጥራጩ አነሰባቸውና ካምፑ እንዳይቸገር ብለው ያንን ብናኝ በአንድ ጆንያ ሞልተው ጨመሩበት። ጆንያው የሰሊጥ ጆንያ ነው። ሬንጁን ለማወፈር የሚጨመረው ጥቁር የድንጋይ ዱቄትም የሚመጣው በሰሊጥ ጆንያ ነው። ቆላ ውስጥ ከሰሊጥ ጆንያ ሌላ ዕቃ መያዣ ማን አይቶ ያውቃል?

ጥሩአየሁ ያን ቀን ወባ ተነስቶባት ነበር። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ እሳት ላይ ቆማ ጥርሷ ይንቀጠቀጣል። ጠብታዋን ረጨች፤ ጠብታዋም ዘለለች። ከጆንያዎቹ አንዱን ጎተተችና ግማሹን ያህል በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው። ጆንያው ቀለል ማለቱ እንኳ አልከነከናትም። የከነከናት ሽታው ነው። የድንጋይ ዱቄት አይሸትም፤ ይኼ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ዝቅ ብላ ብታይ ብናኙ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል።

ወባው በአንድ ጊዜ ለቀቃት። ደንግጣ ነው የለቀቃት።

ማንም ሰው ሬንጅ ቢያበላሽ ካፖው ይቆጣዋል፣ አለቀ፤ ይህ ድሮ ነው። ባለፈው ዓመት አገኘሁ የሚባል የካምፑ መጋዘን ጠባቂ ሁለት በርሜል ሬንጅ ፀሐይ ላይ ረስቶ ፈሰሰበት። የወረዳው ካድሬ መጣ፤ «አሻጥር» አለ፤ አገኘሁን በላንድሮቨር ጭኖ ወሰደው። አንድ ዓመት ሙሉ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ከኮኪት ጎንደር፣ ከጎንደር ኮኪት ተመላለሰች፤ ያለበትን የነገራት ሰው የለም። ጥሩአየሁ ይህን ሁሉ እዚያው በርሜሉ ላይ እንደቆመች አሰበች። ማንንም አልጠራችም። ማማሰያውን አንስታ ታማስል ጀመር።

ይቀልጣል ብላ ነው ያማሰለችው። አልቀለጠም። ከአንድ ሰዓት በላይ አማሰለች፤ ክንዷ ዛለ፣ ጭሱ ዓይኗን አቃጠለው። ብናኙ አበጠ፣ ለሰለሰ፣ ከሬንጁም ጋር ተያያዘ፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ገንፎ እየከበደ መጣ። ማማሰያውን ብታነሳው የሚንጠባጠበው ሬንጅ ክር እየሆነ ይለጠጥና መልሶ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለ ሬንጅ አይታ አታውቅም። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲበተኑ ከጠጠር ጋር አዋህዳ ከዳገቱ መሐል ኩርባው ላይ አለበሰችው፤ እላዩ ላይ አሸዋ በተነችበት፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ቢሻው ከምሳ ሲመለስ ኩርባው ላይ ቆም ብሎ አየሩን አሸተት አሸተት አደረገና አለፈ።

በማግሥቱ ኮኪት ገበያ ሄዳ ለሐጂ ሷሊህ ብቻ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«ያ ሰላም!» አሉ ሞረዳቸውን አስቀምጠው። «የእኔ ጆንያ ነው እንግዲያ ጉድ ውስጥ የከተተሽ። ልጄ፣ ዝም በይ። የመጣ ቢመጣ እኔም አለሁበት።»

ሰሊጡ ታጨደ፤ መኪናው ላይ ታች አለ፤ በጋው መጣ። ጥሩአየሁ በኩርባው ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፣ ሌባ የሰረቀበትን ቤት እንደሚያልፍ። ሚያዝያ ገባ። ዳገቱ እንደ ልማዱ አላበው፤ ጎማው አረሰው፤ ተላጠ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ድንጋይ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ጥሩአየሁ እንደ ምንም ደፍራ ኩርባውን አየችው። ደርቆ ተቀምጧል። በእጇ ዳሰሰችው፤ ይፋጃል እንጂ አይለጠፍም። ሃያ እርምጃ የሚያህል አስፋልት፣ የጎማ ፈለግ ያልሰመጠበት፣ በተላጠው ዳገት መሐል ብቻውን ደህና ሆኖ ተኝቷል። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደስታም ፍርሃትም ነው፤ ሁለቱን መለየት አልቻለችም።

በሳምንቱ ከጎንደር መሐንዲስ መጣ። ደምለው ይባላል፤ ቀጭን፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የወረዳው ካድሬም ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ አብሮት መጣ። የእርሻ ልማቱ መኪኖች ዳገቱ ጎማ እየጨረሰብን ነው ብለው ከሰው ነበርና፣ የዳገቱ ነገር ዘንድሮ ይቆረጥ ተብሏል። ደምለው ዳገቱን በእግሩ ወጣ። አሥር እርምጃ በሄደ ቁጥር የጫማውን ተረከዝ አስፋልቱ ላይ ይተክላል፤ ተረከዙ ይሰምጣል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ኩርባው ላይ ሲደርስ ተከለ። አልሰመጠም። ደግሞ ተከለ። ተመልሶ ወረደ፣ እንደገና ወጣ፣ በአራት እግሩ ተንበርክኮ አሸተተው።

«ይህችን ኩርባ የደፈናት ማነው?» አለ።

ቢሻው ጉሮሮውን ጠረገ። «ከድሮ የተረፈ ሬንጅ ነበር፣ ጓድ መሐንዲስ። ከሌላ በርሜል።»

«ከየት የመጣ በርሜል?»

«ቁጥሩ ጠፍቷል።»

ጥሩአየሁ ቢሻውን አየችው። ሰውዬው ከመስከረም ጀምሮ ሲያውቅ ኖሯል! ስድስት ወር ሙሉ እየተቆጣት፣ እየተነጫነጨባት፣ ምስጢሯን ሆዱ ውስጥ ይዞ ኖሯል። አሁንም እየዋሸላት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ቢሻው ክፉ ተናግራ አታውቅም።

ደምለው ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው አነሳስ ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ። «ቁጥሩ ከጠፋ መልሰን አናገኘውም። እንግዲያ ምን ይደረጋል፤ ከክረምቱ በፊት አስፋልቱ በሙሉ ይነሳ። ዳገቱ ወደ ጠጠሩ ይመለስ።»

ካድሬው መጻፍ ጀመረ። እስክርቢቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ጥሩአየሁ ታየዋለች። ጠጠር ማለት ጭቃ ማለት ነው። ጭቃ ማለት ነሐሴ ላይ የሆነ ረዳት፣ የሆነች ሴት ባል፣ ታኮውን ይዞ ከመኪና ይዘላል ማለት ነው። ዝም ካለች ቤቷ ታድራለች። ከተናገረች አገኘሁ የሄደበትን ላንድሮቨር ትሳፈራለች። ሆዷ «ዝም በይ» አላት፤ እግሯ ግን ወደፊት ወጣ።

«ጎማ ነው» አለች።

«ምን?»

«ጎማ ነው ጌታዬ። የበረባሶ ብናኝ። በርሜሉ ላይ ተሳስቼ እኔ ነኝ የጨመርሁት፤ ካፖው አያውቁም።»

ካድሬው ቀና አለ። «የመንግሥት ሬንጅ ላይ ቆሻሻ ጨመርሽ?»

«ጨመርሁ።»

«ደብቀሽ?»

«ደብቄ።»

«ይኼ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ግን ኩርባውን ይዩት።»

ደምለው ካድሬውን በእጁ ገታ አደረገው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጥሩአየሁን አሁን ገና እንዳያት ሰው አያት። «እስቲ ድገሚው» አላት። «ዛሬ፣ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ። ነገ እኩለ ቀን ተረከዜን እተክልበታለሁ።»

ካምፑ ተርመሰመሰ። በርሜል ተጣደ፣ እሳት ተለኮሰ። ቢሻው እሷን ለማዳን ካለው ጉጉት የተነሣ፣ ጎማ ያው ጎማ ነው ብሎ በጩቤ የተቆረጠ የጎማ ቁርጥራጭ በሁለት ጆንያ አስመጥቶ፣ እሷ ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል፣ ሁለቱንም በርሜሉ ውስጥ ዘረገፈው። ሲያማስሉት፣ ሲያማስሉት ቁርጥራጩ ጎማ እንደ ሆነ ቀረ። ሬንጁ ለብቻው፣ ጎማው ለብቻው። አሸዋ ላይ ትንሽ ቢያፈሱት ጎማው እየተንከባለለ ወጣ። ካድሬው ደብተሩን ገልጦ አንድ መስመር ጨመረ። ጥሩአየሁ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠች። አልቆልኛል አለች በሆዷ።

ሐጂ ሷሊህ የደረሱት ይኼኔ ነው። ወሬው ኮኪት ደርሶ በአህያቸው ገስግሰው መጥተዋል። ከአህያው ሳይወርዱ በርሜሉን ቁልቁል አዩት።

«ይኼ የጩቤ ነው እንጂ የሞረድ አይደለም!» አሉ። «ልጄ፣ የኔ ጆንያ የሞረድ ብናኝ ነበር፤ ዱቄት። ረሳሽው?»

ጥሩአየሁ ብድግ አለች። ዱቄት! ድንጋዩን ከጎማው እንዳትለይ ያደረጋት እኮ ይኼው ነው። ቁርጥራጩ ለሬንጁ አይበገርም፤ ዱቄቱ ነው ሬንጁን ጠጥቶ የሚያብጠው። «ሞረድ!» አለች። «ሞረድ ያለው ሁሉ ያምጣ!»

ሐጂ በአህያው ላይ የነበራቸውን ግማሽ ጆንያ ብናኝ አወረዱ፤ አልበቃም። ካምፑ ውስጥ ሦስት ሞረድ ተገኘ። ሞረድ የሌለው ጎማውን በሻካራ ድንጋይ ላይ ይፈትግ ጀመር። ቢሻው ራሱ፣ በሠራው ጥፋት ፊቱ ቀልቶ፣ የትራክተር ጎማ በጉልበቱ መሐል ይዞ ላቡ እስኪንጠባጠብ ሞረደ። ሐጂ ሷሊህ መሐላቸው ተቀምጠው አያያዙን ያሳያሉ፣ ይስቃሉ፣ ይቆጣሉ። «ቀስ በሉ! አህያ አይደለም የምትገርፉት!» ደምለው መጀመሪያ ቆሞ ያይ ነበር፤ በኋላ እጅጌውን ሰብስቦ ገባበት። ከካድሬው በስተቀር ያልሞረደ ሰው አልነበረም።

ጥሩአየሁ አዲሱን በርሜል ብቻዋን ያዘችው። ማንንም አላስጠጋችም። ጣቷን ነክራ ረጨች፤ ጠብታው ደረቀ። ጠበቀች። ረጨች፤ ጠብታው ዘለለ። ብናኙን በእፍኟ፣ በእፍኟ እየበተነች አማሰለች፤ ሰኔ ላይ ዘር እንደሚዘራ ሰው ሳይሆን፣ ጨው እንደቸገራት ሴት እየቆጠበች። ከአንድ ሰዓት በላይ ክንዷ አላረፈም። ሬንጁ ከበደ። ማማሰያውን አነሳችው፤ ጥቁሩ ክር ተለጠጠ፣ ተለጠጠና መልሶ ተሰበሰበ።

«ይኼ ነው» አለች።

ከኩርባው በታች ሠላሳ እርምጃ አለበሱ። በማግሥቱ እኩለ ቀን ደምለው መጣ፤ ተረከዙን ተከለ። ከኮኪት የመጣ ጭነት የያዘ መኪና አስቁሞ ሦስት ጊዜ አስወጣው፣ ሦስት ጊዜ አስወረደው። የጎማው ጥርስ ምልክት እንኳ አልቀረም።

ካድሬው ደብተሩን አወጣ። «ይሁን፣ ሠርቷል እንበል። የመስከረሙስ? ያኔ ያለፈቃድ ነው የተጨመረው። ይኼ መመዝገብ አለበት።»

«ይመዝገብ» አለ ደምለው። «ሙከራ ተብሎ ይመዝገብ። የሙከራው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ስሜን ጻፍ። በኋላ የሚጠየቅ ነገር ካለ እኔ እጠየቃለሁ።» ከዚያ ወደ ጥሩአየሁ ዞረ፤ ሥራ ያስተማሩትን ሰው እንደሚያናግር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ስድስት ዓመት ተምሬ ያላገኘሁትን ነው ያሳዩኝ፣ እሜቴ። እስከ ሰኔ ዳገቱን ሙሉ ያለብሱልኛል?»

ከዚያን ቀን በፊት እርስዎ ያላት የመንግሥት ሰው አልነበረም። ጥሩአየሁ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ግንቦትን ሙሉ ከአብደራፊ እርሻ አሮጌ የትራክተር ጎማ በመኪና ተጋዘ፤ የኮኪት በረባሶ ሠሪ ሁሉ ከሐጂ ሷሊህ ደጅ ሞረድ ይዞ ዋለ። ሰኔ ሳይጋመስ ሽመል ዳገት ከእግሩ እስከ ራሱ ለበሰ።

ዝናቡ ሰኔ ማለቂያ ላይ መጣ፤ እንደ ቆላ ዝናብ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በገፍ። ጥሩአየሁ ጆንያ ደርባ ከዳገቱ አናት ላይ ቆማ ነበር። ማን ነይ አላት? ማንም። ከታች ማሽላ የጫነ መኪና ብቅ አለ። ዳገቱ እግር ላይ ዝግ ሲል ረዳቱ ዘሎ ወረደ፤ ጠጉሩ ሸበት ያለበት፣ የሸጋው እኩያ የሚሆን ሰው ነው። ታኮውን ጨብጦ ከኋላ ጎማው አጠገብ ጎንበስ እንዳለ መሮጥ ጀመረ። መኪናው ወጣ። ረዳቱ ሮጠ። ኩርባው ላይ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር ረዳቱ ታኮውን ዝቅ አደረገ። መኪናው ቆም አላለም፣ ወደ ኋላ አላለም፤ ውኃውን እየረጨ ወጣ። ረዳቱ ግራ ገብቶት ታኮውን እንደያዘ ከኋላ ከኋላ ይሮጣል።

አናቱ ላይ መኪናው ቆመለት። ረዳቱ ዝናቡን ከፊቱ ጠርጎ ዳገቱን ቁልቁል አየ፤ የያዘውን ታኮ አየ፤ ጭቃ የለበትም፣ አንድም ጊዜ መሬት አልነካም። የሚጮኸው ነገር አጣ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ እንደ ልማዱ ያችን ቃል ይጠብቃል።

ጥሩአየሁ ጆንያውን ከራሷ ላይ ጣለችና በሙሉ ድምፅዋ ጮኸችለት።

«ያዘ!»